የቤተ ሰብ ጤና፤ የሽንት ቀለም የሚነግረን

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በማዕድ ዙሪያ የማይነሣ፥ በእንግዳም ፊት ስሙ የማይጠራ ነው። ነገር ግን ነውር ነው ተብሎ የታለፈ ነገር ቤተ ሰብን ሲጎዳ ስለምናይ፥ በትሕትና ልንገልጸው ወደድን። ይኸውም የሽንት ቀለም ነው።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰንበቴ የምትባል የቆላ ከተማ አለች። በእሑድ ቀን በሚቆመው ገበያዋ ኦሮሞው፥ አማራው፥ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። ከደጋ የወረደ ሰው በዚያ ፀሐይ ሲውል ላቡ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ታዲያ እንዲህ ባለው ገበያ ብዙ እናቶችና እኅቶች ውኃ እያለ አይጠጡም። ምክንያታቸውን ቢጠየቁ፥ «ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል፤ የት እወጣለሁ?» ይላሉ። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፥ ሽንታቸውም ጥቂትና ጠቆር ያለ ይሆናል። ድካም ነው ብለው ይተኛሉ እንጂ ሰውነታቸው የነገራቸውን አያስተውሉም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ኩላሊቶቻችን በአንድ ቀን ወደ 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚህም አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነውን በሽንት ያስወጣሉ። ውኃ ሲጎድል ከአንጎል ሥር ካለች ታናሽ ዕጢ የሚወጣ ንጥረ ነገር ለኩላሊት «ቆጥብ» የሚል ትእዛዝ ያደርሳል። በዚያን ጊዜ ሽንት ይቀንሳል፥ ቀለሙም ይደምቃል። ቢጫነቱም የሚመጣው 120 ቀን ያህል ኖሮ ከሚፈርሰው ቀይ የደም ሕዋስ ነው፤ ፍራሹን በአንጀታችን የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ይለውጡታል። ይህን ለውጥ የሚያከናውነው ንጥረ ነገር ማንነቱ በአሜሪካ ተመራማሪዎች የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 መሆኑን ስናይ፥ የተናቀው ነገር ምን ያህል ምሥጢር እንደ ያዘ እንረዳለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ሎረንስ አርምስትሮንግ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር የሽንትን ቀለም በ8 ደረጃ ከፍሎ አሳይቷል። እኛ ግን ሠንጠረዥ ሳንፈልግ በቤታችን ባለው ነገር ልንለካው እንችላለን። እንደ ገብስ ገለባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ውኃው በቅቷል። እንደ ቀይ ማር ከሆነ ውኃ ጠጡ ማለት ነው። የጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ግን ሌሊቱን ተጠራቅሞ ስለሚደምቅ አያስደንግጥ፤ የቀኑን ተመልከቱ።

እንደ ጠላ ወይም እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረ፥ ውኃም ተጠጥቶ ያልጠራ ሽንት ሌላ ነገር ይናገራል። ከዓይን ቢጫ መሆን ጋር ከመጣ የጉበት ወይም የሐሞት ሕመም፥ ማለት የወፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። በቆላ ከብርቱ ትኩሳት ጋር ከታየ ደግሞ የጠና ወባ ሊሆን ስለሚችል ሕመምተኛው ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ቀይ ሽንት ሲታይ አስቀድሞ የተበላውንና የተዋጠውን መጠየቅ ይገባል። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ሊቀላ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንም ሽንትን ወደ ብርቱካን መልክ ይለውጣል፤ ይህ ጉዳት አይደለምና ሕመምተኛው ፈርቶ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አደራ እንላለን። እንዲህ ያለ ምክንያት ከሌለ ግን ደም ሊሆን ይችላል፤ ባያምም እንኳ ሳይመረመር አይታለፍ። ከሰንበቴ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በአዋሽ ሸለቆ ቆላ የሽንት ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ ይገኛል፤ በወንዝና በኩሬ የሚዋኙ ልጆች በሽንታቸው መጨረሻ ደም ያያሉ። ልጁ ቁጣ ፈርቶ ይህን እንዳይደብቅ በፍቅር ጠይቁት፤ በሽታው በመድኃኒት ይድናልና።

ደግሞም ቀለም ሁሉን አይናገርም። የስኳር ሕመምተኛ ሽንቱ እንደ ውኃ ጠርቶ እርሱ በጥማት ሊቃጠል ይችላል። ሽንት የሚያቃጥላት ነፍሰ ጡርም ቀለሙን ሳትጠብቅ ትመርመር። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የሚጠጣውን መጠን ከሐኪሙ ይወቅ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ሙቀት ቢሆንም የእናት ጡት ይበቃዋል፤ ውኃ አይሰጠው፤ ይልቁንም እናቲቱ ትጠጣ፥ እርሱንም ደጋግማ ታጥባው።

በዐቢይ ጾም የቆላው ሙቀት ስለሚበረታ፥ የሚጾም ሰው ከጾም ፍቺ እስከ መኝታ ውኃውን ከፋፍሎ ይጠጣ፤ ከባድ ሥራንም በጠዋቱ ይጨርስ። ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር የሆኑ ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ይማከሩ።

ወደ ገበያው እንመለስ። ሽንትን ውሎ መያዝ ለፊኛ ሕመም፥ ውኃን አለመጠጣትም ለኩላሊት ጠጠር መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ እናቶች ሆይ፥ ወደ ገበያ ስትወርዱ የተፈላ ውኃ ያዙ፤ ጠጡም። ነገር ግን ምክሩ ለእናቶች ብቻ ቢቀር ግፍ ይሆናል። መውጫ ቦታ ለሌላት ሴት «ውኃ ጠጪ» ማለት ግማሽ ምክር ነውና። የገበያ ሹማምንት፥ የዕድርና የአገር ሽማግሌዎች በየገበያው አጠገብ በር ያለው፥ ንጹሕ የሆነ የሴቶች መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ይምከሩ። አባወራዎችም ሚስቶቻችሁና ሴት ልጆቻችሁ ከገበያ ሲመለሱ ስለ ሽያጩ ከመጠየቃችሁ በፊት፥ «ውኃ ጠጥታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ።