ከልጆች ጋር ስለ መጓዝ

መንገድ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ መንገድ ሁለት ልጆችን ወደ ሁለት ዕድል ሊያደርስ ይችላል፤ ልዩነቱም በርቀቱ ወይም በድካሙ ሳይሆን አብሮ በሚሄደው ሰው ነው። ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር የሚጓዝ ልጅ ያየውን ይጠይቃል፥ የጠየቀውን ይረዳል፥ የተረዳውንም እስከ ሽምግልናው ይዞት ይኖራል። ብቻውን የተላከ ልጅ ግን ልቡ በፍርሃት ስለሚያዝ ዐይኑ እያየ አያይም። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ ከሚሰጠው ስጦታ ሁሉ አብሮት መሄድን የሚያህል ጥቂት ነው። ይህም ነገር በጋሞ አገር እጅግ ጎልቶ ይታያል።

የጋሞ ደጋ ሰዎች፥ ይልቁንም ዶርዜዎች፥ በሽመና ጥበባቸው በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቁ ናቸው። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ብዙዎቹም እንጀራቸውን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ወጥተው በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ተቀምጠዋል። ሆኖም መስከረም ጠብቶ የመስቀል በዓል ሲቃረብ፥ ሸማኔው መወርወሪያውን አስቀምጦ ወደ ትውልድ አገሩ ይመለሳል፤ መስቀል በጋሞ ዘንድ የተራራቀ ዘመድ የሚገናኝበት፥ የተጣላም የሚታረቅበት ታላቅ በዓል ነውና። ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ ያለው ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በዚያ ሰሞን በመንገደኛ ይሞላል።

በዚህ መንገድ ሁለት ልጆቹን ይዞ የሚሄድ አንድ ሸማኔ ይታሰብ። ልጆቹ በከተማ የተወለዱ ናቸውና የአባታቸውን አገር በስም እንጂ በዐይን አያውቁትም። አውቶቡሱ ወደ አርባ ምንጭ ሲቀርብ ታናሹ የአባያን ሐይቅ በመስኮት አይቶ፥ «አባባ፥ ይህ ውሃ ስለ ምን ቀላ?» ብሎ ይጠይቃል። አባቱም፥ «ልጄ፥ ከየደጋው የታጠበ አፈር ነው፤ ዝናብ የሸረሸረውን ወንዞች ተሸክመው እዚህ ያፈስሱታል» ብሎ ይመልስለታል። እውነቱን ነው፤ እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች የሚያመጡት ደለል የአባያን ውሃ ያደፈርሰዋል። በማግሥቱም አባት ልጆቹን ከከፍታ ላይ አቁሞ፥ በስተ ሰሜን ቀዩን አባያን፥ በስተ ደቡብ ሰማያዊውን ጫሞን፥ በመካከላቸውም የእግዚአብሔር ድልድይ የሚባለውን ጠባብ ኮረብታ ያሳያቸዋል። ጎረቤት ከሆኑት ሐይቆች አንዱ ቀይ ሌላው ሰማያዊ መሆኑን ያየና ምክንያቱን የሰማ ልጅ፥ ተዳፋት መሬት ስለ ምን በእርከን እንደሚታሰር ዳግመኛ መምህር አያስፈልገውም።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከግርጌዋ ባለው ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው፤ ለከተማዪቱም የሚጠጣ ውሃ የሚመጣው ከምንጮቹ ነው። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር በእግር ወርደው ውሃውን በእጃቸው ቢጨብጡት፥ ደን የሚጠብቅ ሕዝብ የገዛ ጉሮሮውን እንደሚጠብቅ ይገባቸዋል። ከሐይቆቹ ባሻገር ደግሞ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አለ። በሜዳው የሜዳ አህያ ይሰማራል። የስዌይን ቆርኬ የሚባለው እንስሳ ግን፥ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ሲሆን፥ በዚህ ስፍራ ቁጥሩ እጅግ መንምኗል። ልጅ ያላየውን አይወድድም፤ ያልወደደውም ሲጠፋ አያዝንም።

በጫሞም ላይ በጀልባ ቢሳፈሩ፥ የአዞ ገበያ በሚባለው ዳርቻ ታላላቅ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ያያሉ። ልጆቹም ፈርተው ወደ አባታቸው ሲጠጉ የሚነግራቸው ነገር አለ። ይህች አስፈሪ አውሬ እንቁላሏን በአሸዋ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች፤ ልጆቿም ከአሸዋው ውስጥ ሲጮኹ ሰምታ ቆፍራ ታወጣቸዋለች፥ በዚያ በሰላ ጥርሷ መካከልም ይዛ ወደ ውሃ ታደርሳቸዋለች። አዞ እንኳ ልጆቿን ራስዋ ተሸክማ ታደርሳለች እንጂ ብቻቸውን አትልክም።

ከቆላው ወደ ደጋው መውጣት ሌላ ትምህርት ነው። አርባ ምንጭ በ1,300 ሜትር ያህል ከፍታ፥ ጨንቻም በ2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆኑ፥ በመካከላቸው ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ መንገደኛው በአንድ ማለዳ ሙዝ ከሚበቅልበት ሙቀት ተነሥቶ ጉም ወደ ሸፈነው የእንሰትና የቀርከሃ አገር ይገባል። በዚያ የዶርዜ ቤት ፊቱ እንደ ዝሆን ፊት ሆኖ ረጅም ቁመቱን አንሥቶ ይታያል። ቤቱ በቀርከሃ የተጎነጎነ ነው፤ እግሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፥ ቤቱም በዕድሜው ብዛት እያጠረ ይሄዳል። ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወርም ሲያስፈልግ፥ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያነሣዋል። አያታቸው ከእንሰት ያዘጋጀችውን ቆጮ እየቆረሰች ይህን ስትነግራቸው፥ በከተማ በተዘጋ በር ውስጥ ያደጉ ልጆች ጎረቤት ማለት ምን እንደ ሆነ ያስተውላሉ።

ወላጅ ለልጁ የሚያሳየው ውሃና ተራራ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ የወጣቶች ቁጣ ነድዶ ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ በፊታቸው ተንበርክከው ለመኗቸው። ሣር ይዞ የሚለምን ሽማግሌን ረግጦ ማለፍ በጋሞ ልማድ ጎሜ፥ ማለት ታላቅ ነውር ነውና፥ ወጣቶቹ ቆሙ፥ ተመለሱም። ልጅ በዚያች ከተማ መንገድ ላይ ከአባቱ ጋር ቆሞ ይህን ሲሰማ፥ ኀይል ማለት መምታት ብቻ እንዳልሆነ፥ የሽማግሌም ጉልበት ሲንበረከክ የሰይፍን ያህል እንደሚያቆም ይማራል።

ቀኑ መሽቶ እግር ሲያርፍ ልብ ገና ይጓዛል፤ ለዚህም ጉዞ መጽሐፍና ሲኒማ ይጠቅማሉ። ለታናሹ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» ቢነበብለት ደስ ይለዋል። ለታላቁ ደግሞ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትና «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ልብ ወለድ ታሪክ ይሆነዋል። በዚያ መጽሐፍ አባቱን ከምርኮ ላስለቀቀ ነጋዴ ውለታ ለመመለስ ብቻውን የወጣ ወጣት በመንገድ ተይዞ በባርነት ይሸጣል፤ አባቱና እኅቱም እርሱን ፍለጋ ይንከራተታሉ። ከተንቀሳቃሽ ሥዕልም ያሬድ ዘለቀ የሠራው፥ በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን የሲኒማ ጉባኤ የታየው «ላምብ» አለ። እናቱን በሞት ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅ፥ አባቱ ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄድ በዘመድ ቤት ተትቶ፥ ከአንዲት በግ በቀር ወዳጅ አጥቶ ይታያል። እንዲህ ያለውን ሥዕል ልጅ ብቻውን ቢያየው አልቅሶ ይተኛል፤ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ቢያየው ግን፥ «አባባ፥ እኛን ትተኸን ትሄዳለህን?» ብሎ ለመጠየቅ ዕድል ያገኛል። የመጽሐፍም የሲኒማም ፍሬ ከታሪኩ በኋላ የሚመጣው ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውም ከንቱ አይደለም። አባት ልጆቹን ይዞ በሚወርድበት በዚያው መንገድ ላይ፥ ሌላ ልጅ ወደ ላይ ይጓዛል። ይህ ልጅ «ከተማ ገብተህ ትማራለህ» ተብሎ ለዘመድ ወይም ለደላላ ተሰጥቶ ከጋሞ ደጋ የወጣ ነው። በደረሰም ጊዜ ደብተር ሳይሆን መወርወሪያ ይሰጠዋል፤ ትምህርት ቤት ሳይሆን የሸማኔ ጉድጓድ ይጠብቀዋል። በአንድ አውቶቡስ መስኮት አንዱን ሐይቅ ሁለቱም ልጆች አይተውታል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ውሃው ስለ ምን እንደ ቀላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ሆኖም አዋጅ በየጓዳው ገብቶ አያይም፤ የልጅ የመጀመሪያው ጠባቂ ወላጁ ነው። ልጁን የሚልክ አባት ሁሉ ጨካኝ ነው ማለትም አይገባም፤ በደጋው መሬት ጠብቧል፥ የሚበላውም ብዙ ነው። ነገር ግን ልጁን የሚወድድ ድኻ፥ ቢያንስ አብሮት ሄዶ የሚያድርበትን ቤት፥ የሚማርበትን ትምህርት ቤት በዐይኑ ሳያይ ለማንም እጅ አይሰጥም።

«ልጅ ይዞ መዞር የባለጠጋ ሥራ ነው፤ ድኻ ከየት አምጥቶ ይጓዛል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው፤ የአውቶቡስና የጀልባ ዋጋ ለድኻ ይከብዳልና። ግማሹ ግን ሰበብ ነው። በሽሮ ሜዳ ለሚኖር ሸማኔ እንጦጦ በእግር የሚወጣ ተራራ ነው፤ በአርባ ምንጭ ለሚኖርም የቁልፎ ወንዝ በደጁ ይፈስሳል። መጽሐፍም ከጎረቤት ይዋሳሉ። በየጊዜው ግማሽ ቀን ለልጁ መስጠት ያልቻለ ሰው፥ ያጣው ገንዘብ ሳይሆን ሐሳብ ነው። ደግሞም ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ልጆቹን ወደ ሩቅ አገር የወሰደ፥ በደረሰም ጊዜ የእጅ ስልኩን ሰጥቷቸው እርሱ ከወዳጆቹ ጋር ለመጠጥ የተቀመጠ አባት፥ ልጆቹን አጓጓዘ እንጂ አብሯቸው አልተጓዘም።

ሸማኔ ድሩን ዘርግቶ ማግ ካላገባበት ጨርቅ እንደማይሆንለት ያውቃል። መንገዱ፥ ሐይቁ፥ መጽሐፉና ሲኒማው እንደ ድር ናቸው፤ በመካከላቸው እየተመላለሰ አንድ ልብስ የሚያደርጋቸው የወላጅ ቃል ነው። ያ ልብስ በልጅነት የተሸመነለት ሰው፥ በኋላ ዘመን ብቻውን ወደ ሩቅ አገር ቢሄድ እንኳ አይበርደውም። እንግዲህ ልጅ ያለው ሁሉ፥ ልጁ ገና እጁን ሲዘረጋለት፥ ይዞት ይሂድ። ልጅ አድጎ በራሱ መንገድ ከሄደ በኋላ፥ «ምነው አብሬው በሄድሁ» የሚል ጸጸት የሄደውን ዘመን አይመልስም።