የባሌ ልጆች ሁለት የዘር ወቅት

በእንቁጣጣሽ ዕለት ሕፃናት አደይ አበባ በቀለም ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ ሲያበረክቱ ማየት የተለመደ ነው። የአገራችን የፀደይ የእጅ ሥራ ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ይሁን እንጂ አበባውን አሳምሮ የሚሥለው ልጅ፣ አበባ ከዘር እንዴት እንደሚገኝ በገዛ እጁ ዘርቶ፣ ለክቶና መዝግቦ እንዲያውቅ ዕድል የሰጠነው ስንት ጊዜ ነው? ይህ ዕድል በባሌ ደጋ እጅግ የሰፋ ነው፤ ትምህርት ቤቶቻችንም ሊጠቀሙበት ይገባል የሚለው የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው።

ሁለት አዝመራ፣ ሁለት ሴሚስተር

ብዙዎቻችን ዓመቱን በአራት ወቅቶች ከፍለን፣ ዋናው ዘር በክረምት ተዘርቶ በበጋ እንደሚሰበሰብ ተምረናል። ይህ ለሰሜኑና ለመካከለኛው ደጋ በአመዛኙ ትክክል ነው። የሮቤ፣ የጎባና የሲናና ገበሬ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ሁለት ጊዜም ያጭዳል። አንደኛው አዝመራ በመጋቢትና በሚያዝያ ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ የሚሰበሰበው «ገና» ነው፤ ስሙ ከልደት በዓል ጋር ቢመሳሰልም የኦሮምኛ ቃል ነው። ሁለተኛው «ቦና» በነሐሴና በመስከረም ተዘርቶ በታኅሣሥና በጥር ይታጨዳል። ሁለቱም የተሰየሙት በሚዘሩበት ሳይሆን በሚሰበሰቡበት ወቅት ነው።

የነገሩ ሥር ያለው ከሰማይ ነው። ሮቤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም መጋቢት 30 እና ነሐሴ 29 ገደማ፣ በአናቷ ላይ ታልፋለች። በእነዚያ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላው ይጠፋል። ወደ ሰሜን በተጓዝን ቁጥር ሁለቱ ቀናት እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። የዝናቡ ቀበቶም ፀሐይን ዘግየት ብሎ ስለሚከተል፣ ወደ ሰሜን ሲወጣና ወደ ደቡብ ሲመለስ ባሌን ሁለት ጊዜ ያገኛታል። ተራሮችና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሡ ነፋሳት የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ አንድ ልጅ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንጨት ተክሎ የዚህን ታላቅ ሂደት መነሻ በዓይኑ ማየት ይችላል።

አሁን የትምህርት ዘመኑን እንመልከት። በመስከረም መጀመሪያ የተዘራ ገብስ የመጀመሪያው ሴሚስተር በሚያበቃበት ሰሞን ለአጨዳ ይደርሳል። በመጋቢት የተዘራውም ተማሪው በሰኔ ከመሰናበቱ በፊት ያሸታል። ዘር በክረምት ብቻ በሚዘራበት አገር ግን ዘሩ መሬት ሲገባ ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው።

የጣሳና የእንጨት ቤተ ሙከራ

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ፕላስቲክ አንገቱ ተቆርጦና ተገልብጦ ቢከተትበት የዝናብ መለኪያ ይሆናል። አንድ ዘንግና ሁለት የጣሳ ክዳን ሚዛን ይወጣቸዋል። ልጆች እኩል የሚመዝኑ ሁለት እፍኝ ባቄላዎች ለይተው አንደኛውን በውኃ ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ክብደቱ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ያገኙታል። ዘሩ ከመብቀሉ በፊት ምን ያህል ውኃ እንደሚሻ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ጎባ ከሮቤ በ250 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የአንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ልዩነት እንጠብቃለን። ታዲያ በሮቤና በጎባ ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ዓይነት አፈር፣ በአንድ ቀን ቢዘሩ የጎባው ዘግይቶ ይበቅላል? በስንት ቀን? ጥላው፣ ውኃውስ እኩል ነበር? ይህን የጠየቀ ልጅ የሳይንስን በር አንኳኳ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ናይት በ1806 እ.ኤ.አ. የባቄላ ዘሮችን በወራጅ ውኃ በሚሽከረከር መንኰራኵር ዙሪያ አስሮ፣ ሥራቸው ወደ ውጭ፣ ቡቃያቸው ወደ መሐል እንደሚያድግ አሳየ። ሥር ቁልቁል የሚወርደው የመሬትን ስበት ተከትሎ መሆኑን ያስረዳው በዚህ ዓይነት ቀላል መሣሪያ ነበር።

«የገበሬ ልጅ ዘር መዝራትን ከትምህርት ቤት ይማራል ወይ? ልጄን የላክሁት ከሞፈር እንዲያመልጥ ነው» የሚል ወላጅ ይኖራል። አባባሉ ሊናቅ አይገባም። በእርግጥም ልጁ ከብዙ መምህራን ይልቅ መዝራትን ያውቃል። ትምህርት ቤቱ የሚጨምርለት «ስንት ዘርቼ ስንቱ በቀለ? ለምን?» የሚለውን ጥያቄና መልሱን የሚመዘግብበትን ደብተር ነው። በክፍል ውስጥ «ዘር የሚዘራው በክረምት ነው» ብሎ መልሶ፣ ቤቱ ሲገባ ግን በመጋቢት ለአባቱ ዘር የሚያቀብል ልጅ ሁለት እውነት ይዞ ያድጋል፤ አንዱ ለፈተና፣ ሌላው ለኑሮ። ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስም ቀመሩን ያስታውሳል እንጂ ቀመሩ የሚናገርለትን ዓለም አይጠይቅም። በማስተምርበት ክፍል ከዕውቀት ማነስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ መለያየት ነው።

ስለዚህ በሮቤና በጎባ የምትማሩ ወጣቶች፣ መጪው መጋቢት ሲገባ ጥቂት ሆናችሁ ወደ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂዱ። ጥቂት ባዶ ጣሳ፣ አንድ እፍኝ ባቄላና አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ያዙ። ልጆቹ ስለ ዘሩ የሚያውቁትን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ አብራችሁ ለኩ።