ስለ ዕውቀትና ስለ ሥራ ምደባ

የአንድ አገር ሀብት መሬቱና ወንዙ፣ ከብቱና ማዕድኑ ብቻ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚቈጠረው ሀብት በሰው አእምሮ የተከማቸው ዕውቀት ነው። መሬት ጦም ቢያድር መንገደኛው ሁሉ አይቶ ያዝናል፤ ዕውቀት ጦም ሲያድር ግን የሚያየው የለም። ባለቤቱ ጧት ወደ መሥሪያ ቤቱ ይገባል፤ ማታ ይወጣል፤ ወሩ ሲሞላ ደመወዙን ይቀበላል፤ ስሙም በሥራ ፈቶች መዝገብ አይገኝም። ስለዚህ ጉዳቱ ተሰውሮ ይኖራል። ዛሬ ልንናገርበት የፈለግነው ይህን የተሰወረ ጉዳት ነው።

ሥራ ማጣት ሌላ ነው፤ ከዕውቀት በታች ሥራ መያዝም ሌላ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ችግሩ የተገለጠ ስለ ሆነ ዘመዱም መንግሥቱም ያስብለታል። ከዕውቀቱ በታች የሚሠራው ግን «እንጀራውን አግኝቷል» ተብሎ ይተዋል። ይህን ነገር ለይተው ካስረዱት የሥራ አመራር ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዳንኤል ፌልድማን ናቸው። እኒህ ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ አምስት ምልክቶችን ዘርዝረዋል። አንደኛ፣ ሥራው ከሚጠይቀው የበለጠ ትምህርት ይዞ መገኘት፤ ሁለተኛ፣ ሳይወዱ ከተማሩት ትምህርት ውጭ በሆነ ሥራ መግባት፤ ሦስተኛ፣ ሥራው ከሚፈልገው የበለጠ ልምድና ችሎታ ይዞ መቀመጥ፤ አራተኛ፣ ሙሉ ሥራ እየፈለጉ በጎደለ ሰዓት ወይም በጊዜያዊ ሥራ መዋል፤ አምስተኛ፣ ቀድሞ ከነበረው ወይም ከትምህርት ባልንጀሮች ከሚከፈለው በብዙ ያነሰ ደመወዝ መቀበል ነው።

ከእርሳቸውም በኋላ በፈረንጆች 2011 ዓ.ም. ፍራንሲስ መኪ ራያንና ጃሮን ሃርቪ የተባሉት ምሁራን በዚህ ጉዳይ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው መርምረዋል። የምርመራቸውም ፍሬ እንዲህ ያለው ሠራተኛ በሥራው የሚያገኘው ደስታ እንደሚቀንስ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ያለው ታማኝነት እንደሚላላ፣ የመንፈሱም ጤና እንደሚጐዳ የሚያሳይ ነው። እንግዲህ ጉዳቱ የአንድ ሰው ኀዘን ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱም ኪሳራ መሆኑ አይጠረጠርም።

እነዚህን ምልክቶች ይዘን ወደ አገራችን እንመለስና ከወልድያ እስከ መርሳ ያለውን ምድር እንመልከት። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ በወልድያ ይገኛል። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ወረድ ሲሉ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል አለ። ከዚያም አልፎ የሐብሩ ወረዳ ከተማ የሆነችው መርሳ የግብርና ሠራተኞች የሠለጠኑባት፣ የዩኒቨርሲቲውም የግብርና ትምህርት የሚሰጥባት ቦታ ናት። ከወልድያ እስከ መርሳ ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ይህን ያህል የትምህርትና የምርምር ቤት መገኘቱ ብዙ አገር የማያገኘው ዕድል ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የተማረው ሰው የት ዋለ? ብሎ መጠየቅ ያሻል።

ለዚህ ጥያቄ ዓይነተኛው ምሳሌ የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። መንግሥት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የመርሳው የሚገኝባቸውን 25 የግብርና ኮሌጆች አቋቁሞ፣ በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ60 ሺሕ የሚበልጡ ወጣቶችን አስመርቋል። ለእያንዳንዱም ቀበሌ ሦስት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተወሰነ፤ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠነ። አሳቡ እጅግ የተመሰገነ ነበር። ይሁን እንጂ የእርሻ ትምህርት አጥኚዎች ደጋግመው እንደ ጻፉት፣ እነዚህ ሠራተኞች በብዙ ስፍራ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የማዳበሪያ ዕዳ በመሰብሰብ፣ ግብር በማስከፈል፣ ሕዝብ ለስብሰባ በመጥራትና መዝገብ በመሙላት ሆነ። ስለ አፈርና ስለ ዘር ሦስት ዓመት የተማረ ሰው ባለዕዳ ፍለጋ ከደጅ ደጅ ሲዞር፣ በፌልድማን ቍጥር ሁለተኛው ምልክት ተፈጸመ ማለት ነው። ከዚህም የከፋው፣ ገበሬው ዛሬ ዕዳ የጠየቀውን ሰው ነገ ስለ ዘር ምክር አይጠይቀውም። ስለዚህ የጠፋው የሠራተኛው ጊዜ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ዘንድ ሊኖረው የሚገባው እምነት ጭምር ነው።

ዕውቀት በቦታው ሲውል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅም ከዚያው አገር አንርቅም። አቀንጭራ የሚባለው አረም በሰሜን ወሎ ቆላና ወይና ደጋ ማሽላውን ከሥሩ እየመጠመጠ ገበሬውን ሲያስርብ ኖሯል። በኦሮሚያ ገጠር ተወልደው፣ በጅማ የግብርና ትምህርት ቤትና በዓለማያ ተምረው፣ በሱዳን የማሽላ ምርምር የሠሩት፣ በኋላም በአሜሪካ በፐርዲው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋራ ይህን አረም የሚቋቋም ማሽላ አወጡ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዘሮች ለኢትዮጵያ ገበሬ የደረሱት ከዚህ ሥራ ነው። በፈረንጆች 2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ የወሎ ማሽላ የተረዳው ከሩቅ በመጣ ሰው ዕውቀት ነው። እኒህ ሊቅ ከማሽላቸው ተነሥተው በአንድ ክፍል ደብዳቤ መዝጋቢ ሆነው ቢቀመጡ ኖሮ አገር ምን ያህል እንደምትጐዳ አንባቢው ራሱ ይመዝነው።

ከዚህ ላይ ሁለተኛው ነገር ይከተላል። ይኸውም በአንድ መሥሪያ ቤት ልዩ ልዩ ዓይነት ሰዎች አብረው የሚሠሩበት ጉዳይ ነው፤ በዛሬው ቋንቋ ብዝኀነት የሚባለው ማለት ነው። ወሎ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ፣ በሠርግም በለቅሶም ሳይለያይ የኖረበት አገር ነው። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 515፣ እርሱን የተካው የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1064ም፣ እኩል ወይም የተቀራረበ ነጥብ ካላቸው ተወዳዳሪዎች መካከል ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቍጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግገው ነበር። አዋጅ ቍጥር 568/2000 ደግሞ አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ እንዳይገፋ፣ አሠሪውም የሥራውን ቦታ እንዲያመቻችለት ያዛል።

ሕጉ በሩን ከፈተ፤ ከበሩ በኋላ ያለውን ግን አለቃው ነው የሚወስነው። ሮቢን ኢሊና ዴቪድ ቶማስ የተባሉት የሥራ አመራር ፕሮፌሰሮች በፈረንጆች 1996 እና 2001 ዓ.ም. ባሳተሙት ምርምር መሥሪያ ቤቶችን በሦስት ከፍለዋቸዋል። አንዳንዶቹ ልዩ ልዩ ሰው የሚቀጥሩት ፍርድ እንዳያጓድሉ ነው፤ ሰው ይቈጥራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደ ቀድሞው እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ሌሎቹ የሚቀጥሩት ወደ አንድ ወገን ገበያ ለመግባት ነው፤ ሰውየውንም ከዚያ ወገን ጕዳይ በቀር ሌላ አያስነኩትም። ሦስተኞቹ ግን ከልዩነቱ ይማራሉ። ለዚህ ያመጡት ምሳሌ የአንድ የጥብቅና ቤት ነው። ጠበቆቹ ሁሉ ነጮች የነበሩበት ይህ ቤት ከስፓኝ ተናጋሪዎች ወገን የሆነች ጠበቃ ቀጠረ፤ እርስዋም ሠራተኞች ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይናገሩ የሚከለክለው ደንብ ራሱ ለክስ የሚያበቃ በደል መሆኑን አሳየች። ቀድሞ ያልታየው ነገር ታየ፤ የቤቱም ሥራ ሰፋ።

የምናስገነዝበው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሰውን ለቍጥር ቀጥሮ ዕውቀቱን አለመጠየቅ፣ ከዕውቀት በታች ከማሠራት የተለየ አይደለም። በሕግ ቅድሚያ አግኝታ የገባች የተማረች ሴት ዘመኗን ሁሉ በመዝገብ ቤት ብትቀመጥ፣ ዓይነ ስውሩ የሕግ ምሩቅ ስልክ እንዲያነሣ ብቻ ቢታዘዝ፣ ከሌላ ክልል የመጣው ሠራተኛ «አገሩን አያውቅ» ተብሎ ከምክር ቢገለል፣ መዝገቡ ያማረ ይመስላል፤ ሥራው ግን ባዶ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ተለያይተው ይነገሩ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው።

መንግሥታችን ራሱ ይህን በሚገባ የፈጸመበት ጊዜ አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከየአካባቢው የተመለመሉ ወጣት ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ፤ ቍጥራቸውም ከ30 ሺሕ በላይ ደረሰ። ሴትነታቸውና የአገሩ ልጅነታቸው ለቍጥር ማሟያ አልነበረም፤ የሥራው መሣሪያ ነበረ እንጂ። እናትየዋ ለወንድ የማትገልጠውን ለእነርሱ ገለጠች፤ ከጓዳ ገብተው ስለ ወሊድና ስለ ክትባት አስተማሩ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ግን አብዛኞቹ ወንዶች ሆኑ፤ ስለዚህ ባል የሌላት ባለ መሬት ሴት ከእርሻ ምክር ብዙ ጊዜ ተለይታ ቀረች። በአንዱ ልዩነት ተሠራበት፤ በሌላው ተረሳ።

«ሰው ከታች መጀመር አለበት፤ የተማረም ቢሆን ትዕዛዝ መቀበል ይልመድ» የሚሉ አለቆች ይኖራሉ። አነጋገሩ ሐሰት አይደለም። ከታች መጀመር አይጐዳም፤ የሚጐዳው ሳይጠየቁ ከታች መቅረት ነው። ደግሞም «ከሥራው በላይ የተማረ ሰው ይንቀናል፤ ጥሎንም ይሄዳል» የሚል ስጋት አለ። ይህን ስጋት ቤሪን ኤርዶጋንና ታሊያ ባወር የተባሉት የሥራ አመራር ፕሮፌሰሮች በቱርክ አገር የልብስ መደብሮች መርምረውታል። በፈረንጆች 2009 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፣ ከሥራቸው በላይ ዕውቀት እንዳላቸው የሚሰማቸው ሻጮች ከሌሎቹ የበለጠ ሸጠው ተገኙ። በሥራቸውም ላይ የመወሰን ሥልጣን የተሰጣቸው እንደ ሆነ ቅሬታቸው ቀነሰ፤ ጥለው የመሄዳቸውም ነገር ቀለለ። እንግዲህ የሚያባርራቸው ዕውቀታቸው ሳይሆን አለመሰማታቸው ነው።

ይህ ምርመራ ለእኛ ትልቅ ምክር አለው። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዘው በቈዩበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲውም ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ንብረታቸው ተዘርፎና ተሰባብሮ ተገኝቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ሥራን አውኳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለተመራቂው ሁሉ አዲስ የሥራ መደብ ለመክፈት ገንዘብ አይገኝም። ዛሬ በመደብ ላይ ያለውን ሰው ዕውቀቱን መጠየቅና የመወሰን ሥልጣን ማካፈል ግን ከግምጃ ቤት አንድ ብር አያስወጣም።

ስለዚህ በወልድያ፣ በመርሳና በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት አራት ነገር ብትፈጽሙ መልካም ነው እንላለን። መጀመሪያ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ የተማሩትንና የሚያውቁትን፣ ዛሬም የሚሠሩትን ጎን ለጎን ጽፎ ይመርምር። ሁለተኛ፣ የዕዳና የግብር መሰብሰብ ሥራ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጫንቃ ወርዶ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለገንዘብ ክፍል ይመለስ። ሦስተኛ፣ ዕድገትና ዝውውር በዝምድናና በመንደር ልጅነት ሳይሆን በግልጥ ውድድር ይሁን። አራተኛ፣ በሕግ ቅድሚያ የገቡ ሠራተኞች ከዓመት በኋላ የት እንደ ተመደቡና በምን ጉዳይ ምክራቸው እንደ ተጠየቀ ይታይ፤ የገቡት ብዛት ብቻ አይቈጠር።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ይህ ነገር አይመለከተንም አይሉም። የዋድላ የቅኔ ቤት ዝናው በአገሩ ሁሉ የተሰማ ነው፤ በየጁም የዳና የእስልምና ትምህርት ቤት እንዲሁ። ነገር ግን ቅኔና ዜማ ለዓመታት ያጠና ሰው በከተማ የግቢ ዘበኛ ሆኖ ሲያድር እናያለን። ዘበኝነት የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን የጥንት መጻሕፍትን የሚያነብና ልጆችን የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ እርሱን የሚያስታውሰው አለመኖሩ ያሳዝናል። በወንጌል የተነገረውን የመክሊቱን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ ምሳሌ መክሊቱን የቀበረው ባለ አደራው ራሱ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ባለ አደራው ሊሠራበት ሲለምን፣ ጉድጓዱን ቈፍሮ የሚቀብርበት ሌላው ነው።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ብለው አባቶቻችን ተርተዋል። ሠሪው በመካከላችን አለ፤ አገር ያስተማረችውም በገበሬው ግብር ነው። ገበሬው ደግሞ ዘር ሲጐዳበት፣ ልጁ ሲታመምበት፣ ፍርድ ሲዘገይበት የከፈለውን ዋጋ መልሶ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሰው ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ አለቃው ጠርቶ «አንተ ምን ታውቃለህ? አንቺስ ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ይጠይቅ።