ወራጅ አለ!

በዚህ ሳምንት ደግሞ ያናደደኝ አይሱዙ ነው። በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ላይ ሁለት ጎማውን ሰቅሎ ሲሚንቶ ያራግፋል። ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ልጅ ብስክሌቷን እየገፋች ወደ ዋናው አስፋልት ስትወርድ ከኋላዋ ባጃጅ ጥሩንባውን ለቀቀባት። ረዳቱን ጠጋ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የብስክሌት ነው» አልኩት። «ታዲያ የት ላራግፍ ጋሼ?» አለኝ። በግራም በቀኝም ተገላምጬ አየሁ። እውነትም ቦታ የለም።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች «ይኸው ብስክሌቱን ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልጀምረው እንጂ! ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ የቤዛዊትን ኮረብታ ትተን ዳገት የሚባል ነገር አታውቅም። ጀርመናዊው ማክስ ጉተር በ1950ዎቹ ማስተር ፕላን ሲያወጣላትም ሰፋፊውን ጎዳና አልነፈጋት። ብስክሌት እዚህ ካልተመቸው የት ሊመቸው ነው?

ግንቦት 2016 የተመረቀውን የአባይ ድልድይ ተመልከቱ። 380 ሜትር ነው፤ ወዲህ ሦስት፣ ወዲያ ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ እግረኛና ብስክሌትም የየራሳቸው መሄጃ አላቸው። እዚያ ላይ መኪናው ይፈስሳል። ድልድይ ላይ ሱቅ የለማ! ሲሚንቶ የሚያራግፍ የለም፤ ወራጅም የለም (ፎቶ የሚነሳውን ሳንቆጥር)። ከድልድዩ ወርደን ከተማ ስንገባ ግን ከባጃጁ ውስጥ አንዱ «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ሾፌሩ እዚያው ቀጥ ይላል፤ የኋለኛው መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛል። ሦስት መኪና የሚያሳልፈው መንገድ አንዱን ብቻ ማሳለፍ ይጀምራል።

ከ«መንገዱ ይስፋ» ባዮች ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ስታሰፉት ሦስት ባጃጅ ደርቦ የሚቆምበት ቦታ ሰጣችሁት እንጂ ምን ጨመራችሁ? «ባጃጁን ከዋናው ጎዳና እናስወጣው» የሚሉም አሉ። ታዲያ ሰው ከአባይ ማዶ ሰፈር ፔዳ ግቢ በምን ይሂድ? በጸሎት? መንገዶቻችን የተሠሩት ለሚያልፈው ብቻ ነው፤ ለሚቆመው ማንም አላሰበለትም። ባጃጅ ገባ ብሎ ሰው የሚያወርድበት፣ አይሱዙ ዕቃ የሚያራግፍበት ጥግ በየመቶ ሜትሩ ቢከፈት እኮ የዚያች ልጅ ብስክሌት መንገዷን ባልለቀቀ።

ግን ጥጉም ቢሠራ የት ነው የሚሠራው? ሰፈራችን መገንጠያ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረ። ባጃጅ ጠባቂው ሁሉ እሱ ሥር ይቆማል፤ ባጃጁም ያንኑ ያውቃል፤ ምልክት የተከለ ማንም የለም። ዋርካው ለመንገድ ሥራ ተቆረጠ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ትንሽ ወረድ ብሎ ወዳለው ፋርማሲ በረንዳ ተዛወረ፤ የባጃጁም ግርግር ተከትሎት ሄደ። አሁን ፋርማሲው በር ላይ ትራፊክ ቆሞ ያፏጫል። ፊሽካ ስንት ሰው ከጥላ ያስነሳል? በሚያዝያ ፀሐይ፣ በስድስት ሰዓት፣ ልጅ ያዘለች እናት «ፌርማታ» የሚል ብረት ሥር ቁሚ ብትሏት አትቆምም፤ እኔም አልቆምም።

ጥላማ ዛፍ ሲነሳ በየጎዳናው ያሉትን ዘንባባዎቻችንን አትንኩብን ለምትሉ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ለፎቶ ያምራሉ። ጥላቸው ግን ዣንጥላው ተገንጥሎ ዘንጉ ብቻ እንደቀረ ነው፤ አንድ ሰው ሥራቸው ቆሞ ሌላውን «ጠጋ በል» ማለት አይችልም።

ስለዚህ ቀለም ቀቢዎቹና መሐንዲሶቹ መስመር ከማስመራቸው በፊት ቀትር ላይ ይውጡና ሰው የት የት እንደሚቆም በኖራ ያመልክቱ። ዛፉም እዚያው ይተከል። ሐምሌ ላይ ችግኝ ተከላ መምጣቱ አይቀርም። ዋንዛ ይሁን፣ ዋርካ ይሁን ግድ የለኝም። ደግሞ ዘንባባ ጭናችሁ እንዳትመጡ እንጂ።