32 አምፔር ማለት ምን ማለት ነው?

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያየሁትን ነገር ዛሬ ላጫውትዎ። ጉዳዩ ባለ ወፍጮን ብቻ የሚመለከት መስሎዎት ገጹን እንዳይገለብጡት አደራ እላለሁ። ነገ መሐንዲስ እሆናለሁ የሚለውን ተማሪም ሆነ፣ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የዕቃ መግዣ ደብዳቤ የሚያረቀውን ወጣት ሠራተኛ እኩል የሚነካ ነውና።

ወፍጮው በመፍጨት ላይ ሳለ ቺንጋው ከመንኮራኩሩ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ሠራተኛው ሮጦ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ተጫነ። ሞተሩ አልቆመም። ደግሞ ተጫነ፤ ሞተሩ አሁንም መዞሩን ቀጠለ። በዚህ ጊዜ አንድ ትንሽ ልጅ የእናቱን እህል ለማስፈጨት ተራ እየጠበቀ ከቺንጋው አጠገብ ቆሞ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ወደ ግድግዳው ዘለው ዋናውን ብሬከር ባያወርዱት ኖሮ የዚያ ቀን ወሬ ሌላ በሆነ ነበር። ልጁ በደኅና ወጣ፤ መሬት ላይ የቀረው ዱቄቱ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ፊዚክስ እንደማስተምር ያውቃሉና «አስተማሪ፣ እስቲ ግባና እየው፤ ዕቃው እኮ ከተገዛ ስድስት ወር አልሞላውም» ብለው ጠሩኝ። ኮረንቲው ከዋናው መቋረጡን ካረጋገጥን በኋላ ሳጥኑን ስንከፍተው ምክንያቱ ተገለጠ። ኮንታክተር የሚባለው ዕቃ መገናኛዎቹ ቀልጠው ተጣብቀው ነበር።

ኮንታክተር በአጭሩ በመግነጢስ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። በውስጡ በብረት ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ፣ ማለትም ኮይል፣ አለ። አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን በኮይሉ ውስጥ ትንሽ ኮረንቲ ያልፋል፤ ብረቱ መግነጢስ ሆኖ ይስባል፤ ሦስቱ የሞተር መስመሮችም በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ቀዩ ሲጫን ኮይሉ ኃይሉን ያጣል፤ ሞላው መገናኛዎቹን ገፍቶ ይለያያቸዋል። በዚህ ዓይነት የሰው እጅ የሚነካው ትንሹን ኮረንቲ ብቻ ይሆናል። ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲሄድ ኮንታክተሩ ይከፈታል፤ መብራት ሲመጣም አረንጓዴውን ሰው እስኪጫነው ድረስ ሞተሩ በራሱ አይነሣም። መብራት ጠፍቷል ብሎ እጁን ወደ ወፍጮው የሚያስገባ ሰው ሕይወቱን ያገኘው ከዚህ ነው።

ታዲያ የሽማግሌው ስሕተት ምን ነበር? ሞተራቸው 15 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። በ380 ቮልት ሲሠራ 30 አምፔር ያህል ይወስዳል። ገበያ ወርደው በአንዱ ኮንታክተር ጎን ላይ «32» የሚል ቁጥር አዩ፤ 32 ከ30 ይበልጣል ብለው ገዙ። ነገር ግን በዚያው ጎን ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «18» የሚል ሌላ ቁጥር ነበረ። 32ቱ «ኤሲ-1» ከሚለው ምልክት ጋር፣ 18ቱ ደግሞ «ኤሲ-3» ከሚለው ጋር ተጽፈዋል።

እነዚህን ምልክቶች የሚደነግገው በ1906 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ነው። ኤሲ-1 እንደ ማሞቂያና ምድጃ ላለ፣ ሲከፈትም ሲዘጋም ኮረንቲው ብዙ ለማይለዋወጥ ዕቃ ነው። ኤሲ-3 ለተለመደው የፋብሪካ ሞተር ነው። ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ከመደበኛው ስድስት ወይም ሰባት እጥፍ ይስባል፤ የኛ ወፍጮ በተነሣ ቁጥር እስከ 200 አምፔር ድረስ ያስተናገደው ለ18 አምፔር ሞተር የተሠራ ኮንታክተር ነበር ማለት ነው። ሲውል ሲያድር መገናኛዎቹ መጣበቃቸው አያስደንቅም። ኤሲ-4 ደግሞ ገና ፍጥነት ሳይዙ ለሚቆሙ፣ ወይም በሩጫ ላይ ሳሉ ወደ ኋላ ለሚዞሩ ሞተሮች ነው። እንደነዚህ ያሉት መገናኛውን ቶሎ ስለሚበሉት፣ ከፍ ያለ መጠን መምረጥ ግድ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኮይሉ ነው። ለ220 ቮልት የተሠራውን ኮይል 380 ላይ ቢያስሩት ይቃጠላል፤ የ380ውን 220 ላይ ቢያስሩት ወይ አይስብም፣ ወይ እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። ደንቡ ኮይሉ ከተጻፈበት ቮልት ከመቶ 85 እስከ 110 ድረስ እንዲሠራ ያዛል። ይኸውም ለ220 ከ187 እስከ 242 ቮልት ነው። ማታ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ሲጣድ ቮልቱ ከዚህ በታች ከወረደ ኮንታክተሩ ይንጣጣል፤ በተንጣጣ ቁጥርም መገናኛው ይቃጠላል። ስለዚህ ሳጥኑ ሲጮኽ የሰሙ እንደሆነ «ልማዱ ነው» ብለው አይለፉት።

ሦስተኛው በተለይ ለኛ አገር ሰው የሚጠቅም ነው። የኮንታክተር ደንብ የተጻፈው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው፤ የሞተሩማ 1,000 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ታልፋለች። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ በመገናኛዎቹ መካከል የሚፈጠረውን እሳትም እንደ ቆላው አየር አያፍንም። አንዳንዱ ፋብሪካ እስከ 3,000 ሜትር ሳይቀነስ ይሠራል ብሎ በካታሎጉ ይጽፋል። ያልጻፈ እንደሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መግዛት ብልኅነት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮንታክተር ብቻውን ሞተርን አይጠብቅም። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲደክም የሚያቆመው በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር የሚስተካከል ኦቨርሎድ ነው፤ ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ የሚደርሰው ፊውዝ ወይም ብሬከር ነው። ይሁን እንጂ ኦቨርሎዱም ሆነ ቀዩ ቁልፍ ትእዛዛቸውን የሚሰጡት ለኮንታክተሩ ነው። የእርሱ መገናኛ ከተጣበቀ የሁለቱም ትእዛዝ ከንቱ ይሆናል።

ሽማግሌው በኤሲ-3 40 አምፔር የሚል አስገዝተው አስገጠሙ። ዋጋው ከፊተኛው ቢበልጥባቸው ጥቂት አጉረመረሙና «ይሁን፤ ከልጁ እጅ ይረክሳል» አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እጅ ግን ዱቄት አይደለምና ተለቅሞ አይመለስም።

እንግዲህ እርስዎ በመሥሪያ ቤትዎ «ኮንታክተር፣ 32 አምፔር» ብለው ብቻ ደብዳቤ ቢጽፉ፣ በጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው ነጋዴ የኤሲ-1ን 32 ያመጣልዎታል። ነጋዴው አልዋሸም፤ የጎደለው ደብዳቤው ነው። ስለዚህ የሞተሩን ኪሎ ዋት፣ አምፔርና ቮልት፣ ኤሲ-3 ወይም ኤሲ-4 መሆኑን፣ የኮይሉን ቮልት፣ የቦታውንም ከፍታ ይጻፉ። አምስት መስመር አይሞላም። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደኅና ይሰንብቱ።