ቃሉ ይሰማ፤ ጉምጉምታው ይቅር

ለብዙዎቻችን የድምፅ ማጉያ ነገር የመጠን ጉዳይ ብቻ ነው። ድምፁ ካነሰ ይጨመራል፤ ከበዛ ይቀነሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ ግን ከዚህ ይለያል። አንድን ንግግር ግልጽ የሚያደርገውም ሆነ ጎረቤትን የሚነሣው የድምፁ መጠን ብቻ አይደለም፤ የትኛው የድግግሞሽ ክፍል ጎልቶ፣ የትኛው ተቀንሶ እንደ ወጣም ጭምር ነው። ስለዚህ ንግግር ለማሰማት የሚተከል ማንኛውም ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን የሚቀንስ ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል እንላለን።

አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች መካከል ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች ከመዲናዋ በሚወጡ አውራ ጎዳናዎች ላይ ያደጉ ናቸው፤ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። መኖሪያው፣ ሱቁ፣ የአምልኮ ቦታው፣ ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ ተጎራብተው ይገኛሉ። ከቤተ ክርስቲያን ቅዳሴና ስብከት፣ ከመስጊድ አዛን፣ ከአዳራሽ መዝሙር፣ ከሱቅ በር ላይ ዘፈን፣ በመኪና ላይ ከተጫነ ሞንታርቦ ማስታወቂያ ይሰማል። ሁሉም የየራሱ አድማጭና የየራሱ ምክንያት አለው። መፍትሔው «ዝም በሉ» ማለት ሊሆን የማይችለውም ለዚህ ነው።

ወደ ፊዚክሱ እንግባ። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያሉትን ድግግሞሾች ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር ርዝመት ሲኖረው የ5,000 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት ግን 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ረጅሙን ሞገድ የቤት ማዕዘንና የግቢ አጥር አያግደውም፤ ዞሮ ያልፋል። ቀላል ግድግዳንና የቆርቆሮ ጣሪያንም እያንቀጠቀጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አጭሩን ሞገድ ግን ግድግዳ ይመልሰዋል፤ ርቆ ሲጓዝም አየሩ ራሱ ኃይሉን ይውጠዋል። ሌሊት ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ቃሉ ጠፍቶ «ድም ድም» የሚለው ብቻ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የሱሉልታን ሜዳ በመሰለ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ነገሩ ይብሳል። ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይበልጥ ሲቀዘቅዝ፣ ወደ ላይ ይበተን የነበረው ድምፅ ጎብጦ ወደ መሬት ይመለሳልና።

የንግግር ትርጉም በአብዛኛው የሚገኘው ግን በዚህ በሚያስቸግረው ዝቅተኛ ክፍል ውስጥ አይደለም። የወንድ ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሽ 120፣ የሴት ደግሞ 200 ኸርዝ አካባቢ ቢሆንም፣ ቃልን ከቃል የሚለዩልን ብዙዎቹ ተነባቢዎች የሚታወቁት ከ1,000 ኸርዝ በላይ ባለው ኃይላቸው ነው። «ሠራ»፣ «ጠራ» እና «ፈራ» የሚሉትን ቃላት እንውሰድ። ልዩነታቸው የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው፤ እርሱም እጅግ አጭርና ደካማ ነው። እርሱ ከታፈነ ሰውየው ሠርቶ ይሁን ጠርቶ ወይስ ፈርቶ፣ ከዐረፍተ ነገሩ ካልገመትን በቀር አናውቅም። እንደ ጠ፣ ቀና ጨ ያሉት ጠንካራ ድምፆች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ስለሚገኙ ጉዳዩ የከተሞቹን ነዋሪዎች ሁሉ ይመለከታል።

ለዚህ የቆየ ማስረጃ በእጃችን አለ። መደበኛው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። ከ300 በታች ያለው ቢቆረጥም የእናታችንን ድምፅ ወዲያው እናውቃለን፤ ጆሮና አእምሮ የጎደለውን መሠረታዊ ድግግሞሽ ከቀሩት ሃርሞኒኮች ያሟሉታል። ከ3,400 በላይ ያለው በመቆረጡ ግን «ሰ»ን ከ«ፈ» መለየት ያስቸግረናል፤ ስም ስናስጽፍም ፊደል በፊደል ለመናገር እንገደዳለን።

ኢኳላይዘር የሚባለው መሣሪያ ድምፅን በድግግሞሽ ክፍሎች ለይቶ እያንዳንዱን ለብቻው ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል የማጣሪያዎች ስብስብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው አጠቃቀም ግን ሁሉንም ወደ ላይ መግፋት ነው። አንድን ክፍል በ6 ዴሲቤል ማሳደግ ከአምፕሊፋየሩ 4 እጥፍ፣ በ12 ዴሲቤል ማሳደግ ደግሞ 16 እጥፍ ያህል ኃይል ይጠይቃል። አምፕሊፋየሩ ይህን ካልቻለ የሞገዱን ጫፍ ቆርጦ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ በዚህም በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ አዳዲስ ድግግሞሾች ይፈጠራሉ። ጆሮ የሚበሳው ጩኸት ብዙውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። የኢኳላይዘር መልካም መርሕ የጎደለውን ከመጨመር አስቀድሞ የበዛውን መቀነስ ነው።

ይህን ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በብዙ ሚክሰሮች ላይ ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቀንስ ቁልፍ አለ፤ መጫን ብቻ ነው የሚፈልገው። ቁልፉ ባይኖር እንኳ የማጣሪያው ምሥጢር ቀላል ነው። አንድ የ0.15 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተርና አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አገናኝተን፣ ውጤቱን ከሬዚስተሩ ጫፎች ላይ ብንወስድ፣ ማጣሪያው መቁረጥ የሚጀምርበት ድግግሞሽ 106 ኸርዝ ያህል ይሆናል። ከዚያ በታች ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ እየተዳከመ ይሄዳል። ስሌቱን ማንኛውም ስለ ካፓሲተር የተማረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው የሚተኛው ቀን ነው። በዚያው በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ይገኛል። ዐይነ ስውር ሰው መንገድ የሚሻገረው በጆሮው ነው፤ የመኪና ጎማ፣ የሰው ኮቴ፣ የበትሩ ድምፅ ከግድግዳ ሲመለስ ይመሩታል። የጆሮ ተፈጥሮ ደግሞ አንድ ድክመት አለው፤ ኃይለኛ ዝቅተኛ ድምፅ ከበላዩ ያሉትን ደካማ ድምፆች በቀላሉ ይሸፍናል። ለሚያይ ሰው የሱቅ በር ጉምጉምታ መሰልቸት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለማያይ ሰው ግን የመንገዱን ምልክት እንደ መጋረድ ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅ የመጨረሻ ወሰን እንዲወጣ ደንግጓል፤ ለመኖሪያ ሠፈር የተቀመጠውም ደረጃ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ነገር ግን መለኪያው ራሱ ማጣሪያ እንዳለው ልብ እንበል። በተለምዶ የሚሠራበት «ኤ» የተባለው ማጣሪያ የ100 ኸርዝን ድምፅ በ19፣ የ50 ኸርዝን ደግሞ በ30 ዴሲቤል ቀንሶ ያነብባል። ማጣሪያው ጆሮ ለዝቅተኛ ድምፅ ያለውን ድክመት ለመምሰል ታስቦ የተሠራ ነውና ስሕተት አይባልም። ሆኖም ግድግዳው ከፍተኛውን ድግግሞሽ አስቀርቶ ጉምጉምታውን ብቻ ባስገባበት መኝታ ቤት ውስጥ፣ እንቅልፍ የሚነሣ ድምፅ በመለኪያው ላይ ትንሽ ቁጥር ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች ዝቅተኛውን ድምፅ እምብዛም በማይቀንሰው በ«ሲ» ማጣሪያም ጭምር ሊለኩ ይገባል። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ የችግሩ ምንጭ የት እንደ ሆነ ይጠቁማል።

«ዝቅተኛው ድምፅ ከተቆረጠ ከበሮው ምን ነፍስ ይኖረዋል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከበሮ ያለ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ከበሮ አይሆንም፤ እኛም ቁረጡት አንልም። ማጣሪያው ለንግግር ማይክሮፎን ይሁን፤ ከበሮው የራሱ መስመር፣ የራሱ ቦታና ሰዓት ይኑረው። ማጣሪያ ሁሉን እንደማይፈታም እንቀበላለን። ከልክ በላይ የጮኸ ማጉያን ማጣሪያ ልከኛ አያደርገውም፤ ድምፅ የሚያስተጋባ ባዶ አዳራሽንም አያስተካክልም። እነዚህ የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው።

የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የየከተማው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት የድግግሞሽ ስርጭትን የሚያሳይ የእጅ ስልክ መተግበሪያ ይዘው በአካባቢያቸው ወዳሉት ማጉያዎች ይሂዱ፤ በፈቃድና በአክብሮት። ቃላት የተጻፉበት ዝርዝር አስነብበው፣ ማጣሪያው ሳይሠራና ሲሠራ አድማጭ ስንቱን በትክክል እንደ ሰማ ይቁጠሩ፤ ከጎረቤት ግድግዳ ኋላ ሆነውም ይለኩ። የፊዚክስና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ መሣሪያውን በማስተካከል ይርዷቸው። ሰባኪው ቃሉ እንዲሰማለት ይፈልጋል፤ ጎረቤቱ መተኛት ይፈልጋል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ካፓሲተር ዋጋው ትንሽ ነውና ሙከራው ከዚህ ሊጀመር ይችላል።