«ዕድሉ ነው» የተባለው አደጋ

ሕመሙ ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል፤ ያተኩሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያቃጥላል። ሰውየው አዲሱን መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሆነው ጥፋተኛው ክኒን ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። በቀናት ውስጥ ከንፈሩና የአፉ ውስጥ ይቆስላል፣ ደረቱ ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል። ሐኪሙ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው የላይኛው ሽፋን ተንሸራቶ ይነሳል። እሳት ሳይነካው እንደ ተቃጠለ ሰው ይታከማል።

ስቲቨንስና ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1922 ይህን ሕመም በሁለት ልጆች ላይ አይተው ጻፉ፤ በሽታውም በስማቸው ተጠራ። ከባዱን ዓይነት በ1956 የገለጸው ስኮትላንዳዊው የቆዳ ሐኪም አለን ላየል ነው። ከሰውነት ቆዳ የተላጠው ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ስቲቨንስ-ጆንሰን፣ ከ30 በመቶ ሲያልፍ የላየል በሽታ ይባላል። በዚህኛው ከተያዙት ሲሶ ያህሉ ይሞታሉ።

ለብዙ አሥርት ዓመታት የሕክምናው ዓለም መልስ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ከማለት ብዙም አላለፈም። ዕድለ ቢስነት ነው እንደማለት። መልሱ ግን ስህተት ነበር። በሽታው ተራ መመረዝ አይደለም፤ የታዘዘለትን ልክ ሳያዛንፍ የዋጠውንም ሰው ይጥላል። ቆዳውን የሚገድለው የሰውየው የገዛ መከላከያ ሥርዓት ነው፣ ያውም በለመደው ሕግ እየሠራ። ሕግ ያለው ነገር ደግሞ ቢያንስ በከፊል አስቀድሞ ይታወቃል።

ሕጉ ይህን ይመስላል። እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጡ ካሉት ፕሮቲኖች ቁራጭ እያነሳ ኤችኤልኤ በሚባል መያዣ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ያሳያል። ቲ-ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ በር ጥበቃ መታወቂያውን እያዩ ያልፋሉ፤ የቫይረስ ቁራጭ ካዩ ሕዋሱን ይገድላሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ኤችኤልኤ-ቢ 15:02 ከተባለው መያዣ ጋር ይጣበቃል። መያዣው መልኩ ስለሚለወጥ ጤነኛው የቆዳ ሕዋስ የተበከለ ይመስላል። ግድያው ይጀምራል።

መሣሪያውም ተገኝቷል። የታይዋን ተመራማሪዎች ሕመምተኞቹ ገላ ላይ ውኃ ከቋጠረው ቆዳ ፈሳሹን ቀድተው መረመሩ። በ2008 ይፋ ባደረጉት ጥናት ግራኑላይሲን የተባለው ገዳይ ፕሮቲን ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ በዝቶ ተገኘ። ከፈሳሹ አጣርተው አይጥ ቆዳ ላይ ሲወጉት ተመሳሳይ ጉዳት አደረሰ።

እዚያው ታይዋን በ2004 የወጣው ጥናት ደግሞ የ«ዕድል»ን ነገር ከሥሩ ነቀለው። ካርባማዜፒን ቆዳቸውን የላጣቸው 44 ሕመምተኞች አንድም ሳይቀር 15:02ን የሚሠራውን ዘረመል የተሸከሙ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ከተስማማቸው ውስጥ ግን 3 በመቶዎቹ ብቻ። ቀጥሎ 23 ሆስፒታሎች ተባብረው ወደ 4,900 የሚጠጉ ሰዎችን ክኒኑን ከመጀመራቸው በፊት መረመሩ። ዘረመሉ ለተገኘባቸው ሌላ መድኃኒት ተሰጠ። ከቀድሞው ልምድ አንጻር አሥር ያህል ሰው መታመም ነበረበት፤ በ2011 ውጤቱ ሲወጣ የታመመ አልነበረም።

ይህ ማለት ግን ዘረመሉ ብቻውን ፍርድ ነው ማለት አይደለም። 15:02ን ተሸክመው ካርባማዜፒን ከሚወስዱት አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ያንን የተለወጠ መልክ ለይቶ የሚያውቅ ቲ-ሴል በሰውየው ደም ውስጥ መኖር አለበት፤ ታይዋናውያኑ በታመሙት ላይ ተመሳሳይ የቲ-ሴል ተቀባዮችን አግኝተዋል።

የምርመራው ደካማ ጎን ሌላ ቦታ ነው። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2007 የእስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች እንዲመረመሩ አሳሰበ። «እስያዊ» ማለት ግን ምን ያህል ሰፊ ነው! ዘረመሉ በሃን ቻይናውያንና በታይላንዳውያን ዘንድ የተለመደ ሲሆን በጃፓናውያን ላይ እምብዛም አይገኝም። በአውሮፓውያን ላይ የተገኘው ሌላ ነው፤ ኤ 31:01። በአፍሪካውያን ላይም 15:02 ብርቅ ነው፤ ይሁንና አፍሪካዊው ቆዳ ከመላጥ አልዳነም። ማላዊ ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ኔቪራፒን ካስከተለው ጉዳት ጋር ሲ 04:01 የተባለ ዘረመል ተያይዟል። የዘረመል ብዝኃነት ከየትም በላይ የሰፋባት አህጉር ከሌሎቹ ያነሰ መጠናቷ ከሳይንሱ ክፍተት ይልቅ የምርጫ ጉዳይ ይመስላል።

ኢትዮጵያም ኔቪራፒንን ለዓመታት በስፋት ሰጥታለች፤ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ግማሽ መጠን እየተባለ ይታዘዝ የነበረው ይኸው የቆዳ ጉዳት ተፈርቶ ነው። ዛሬ ዶሉተግራቪር ተክቶታል። ይህንኑ አደጋ ሊያስከትሉ የሚችሉት ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን፣ ኮትሪሞክሳዞልና የሪሁ መድኃኒት አሎፑሪኖል ግን አሁንም በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ አሉ። አሎፑሪኖልን አደገኛ የሚያደርገው ዘረመል ቢ 58:01 ደግሞ በአፍሪካም ይገኛል።

በሕክምናው በኩል የሚታይ ተስፋ አለ። በ2024 በጀርመኑ ማክስ ፕላንክ ተቋም የሚመራ ቡድን የተላጠውን ቆዳ በሕዋስ ደረጃ መርምሮ ጃክ የሚባለው የምልክት መስመር ከልክ በላይ መንደዱን አየ። መስመሩን የሚዘጋ መድኃኒት ቻይና ውስጥ ለሰባት ሕመምተኞች ተሰጥቶ ሰባቱም ዳኑ። ሰባት ሰው ጥቂት ነው፤ ሰፊ ሙከራ ይቀረዋል። እስከዚያው ቀዳሚው ሕክምና ጥፋተኛውን ክኒን በመጀመሪያው ቀን ማቋረጥ ነው፤ ለዚህም አፉ ቆስሎ የመጣውን ትኩሳታም ሰው ባለፉት ሁለት ወራት ምን መድኃኒት እንደጀመረ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል።